ሂትለርን ወደ ሥልጣን ያመጣው የ1923ቱ የዋጋ ግሽበት ነውን?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦ “በትምህርት ቤት የተማርኩት፣ የቬርሳይ ውል በጀርመን ላይ ከባድ የጦር ካሣ እንደጣለ፣ ጀርመንም ካሣውን ለመክፈል ገንዘብ ስታትም ማርክ ዋጋ ቢስ እንደሆነ፣ በዚህ የተማረረው ሕዝብም ሂትለርን እንደመረጠ ነው። ነገር ግን ግሽበቱ የደረሰው በ1923፣ ሂትለር ሥልጣን የያዘው ደግሞ በ1933 ነው። በመሐል ያሉት አሥር ዓመታት የት ገቡ? ፋሺዝምና ናዚዝምስ አንድ ናቸው?”

ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው። በተማሩት ታሪክ ውስጥ የተጠቀሱት ክስተቶች በሙሉ የደረሱ ናቸው፤ ችግሩ ያለው አንዱ ከሌላው ጋር በተያያዘበት መንገድ ላይ ነው። ግሽበቱ ለናዚዎች መነሣት አስተዋጽኦ አድርጓል ብዬ አምናለሁ፤ አስተዋጽኦው ግን ብዙውን ጊዜ ከሚነገረው በተለየ መንገድ የመጣ በመሆኑ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ ማየት ያስፈልጋል። ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳውቅ።

ከምርጫ ውጤቶቹ እንጀምር። ግሽበቱ ካከተመ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ፣ በሜይ 1924 በተደረገው ምርጫ፣ የናዚ ፓርቲ ታግዶ ስለነበር ደጋፊዎቹ ከሌሎች ቀኝ አክራሪዎች ጋር በጋራ ቀርበው 6.5 በመቶ ድምፅ አገኙ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ወደ 3 በመቶ ወረዱ። በ1928 ፓርቲው በራሱ ስም ተወዳድሮ ያገኘው 2.6 በመቶ፣ ይኸውም 12 መቀመጫ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በሴፕቴምበር 1930 ወደ 18.3 በመቶና 107 መቀመጫ፣ በጁላይ 1932 ደግሞ ወደ 37.3 በመቶና 230 መቀመጫ ተተኮሰ። የግሽበቱ ቁስል ትኩስ በነበረበት ወቅት መራጩ ናዚዎችን ገሸሽ አድርጓቸዋል። በገፍ የመረጣቸው በ1930 እና በ1932 ሲሆን፣ በእነዚያ ዓመታት በጀርመን ግሽበት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ዋጋ በተቃራኒው በየወሩ እየወረደ ነበር።

አሁን ወደ ግሽበቱ መነሻ እንሂድ። የጀርመን መንግሥት አንደኛውን የዓለም ጦርነት የተዋጋው በዋነኛነት በታክስ ሳይሆን በብድር ነው። ከ1914 እስከ 1918 ዘጠኝ ጊዜ የጦርነት ቦንድ ለሕዝብ ሸጧል፤ ዕዳው የሚከፈለው ከተሸናፊዎች በሚሰበሰብ ካሣ ነው የሚል ተስፋ ነበረና። ተሸናፊዋ ራሷ ጀርመን ስትሆን ግን፣ ዕዳው፣ ጡረታው፣ የአካል ጉዳተኞችና የሟች ቤተሰቦች ድጎማ በአንድነት በአዲሱ ሪፐብሊክ ጫንቃ ላይ ወደቁ። ከጦርነቱ በፊት አንድ ዶላር 4.2 ማርክ ነበር፤ ጦርነቱ ሲያበቃ ማርክ ከዋጋው ግማሽ ያህሉን አጥቶ ነበር። የጦር ካሣው መጠን የተቆረጠው ከዚህ በኋላ፣ በ1921 በለንደን ነው። በወረቀት ላይ የሰፈረው 132 ቢሊዮን የወርቅ ማርክ ቢሆንም፣ ከዚህ ውስጥ 82 ቢሊዮኑ አበዳሪዎቹ ራሳቸው ይከፈላል ብለው ባልጠበቁት የቦንድ ዓይነት የተመደበ ነበር። ስለዚህ ግሽበቱ ከካሣው ይቀድማል። ካሣው ያባባሰው ነገር የለም ማለት ግን አይደለም፤ ካሣው የሚከፈለው በወርቅ፣ በውጭ ምንዛሪና በዕቃ ስለነበር ማርክ ማተም ብቻውን ካሣ አይከፍልም፤ ነገር ግን ምንዛሪ ለመግዛት የታተመው ማርክ ገበያ ላይ በወጣ ቁጥር የማርክ ዋጋ ይበልጥ ይወርድ ነበር።

ነገሩ ከቁጥጥር የወጣው በጃንዋሪ 1923 ነው። ጀርመን ማስረከብ የነበረባትን እንጨትና የድንጋይ ከሰል አላሟላችም በሚል የፈረንሳይና የቤልጅየም ወታደሮች የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢን ያዙ። የበርሊን መንግሥት ሠራተኞቹ ሥራ እንዲያቆሙ ጠርቶ ደመወዛቸውን ራሱ ለመክፈል ቃል ገባ። ከሰል የሚያወጣው፣ ብረት የሚያቀልጠው፣ ታክስ የሚከፍለው አካባቢ ሥራ አቁሞ በዚያው ላይ ደመወዝ ይከፈለው ጀመር፤ የሚከፈለው ገንዘብ ደግሞ ከማተሚያ ማሽን በቀር ሌላ ምንጭ አልነበረውም። በዲሴምበር 1922 ቀን የተጻፈበት የአንድ ሺህ ማርክ ኖት፣ ከዓመት በታች በሆነ ጊዜ ውስጥ “አንድ ቢሊዮን ማርክ” የሚል ቀይ ማኅተም በላዩ ላይ በአግድም ታትሞበት እንደገና ለገበያ ወጥቷል። ማተሚያ ቤቶቹ አዲስ ኖት ለመቅረጽ ጊዜ ስላልነበራቸው የአንዳንዱን ኖት ጀርባ ባዶ ይተዉት ነበር። በኖቬምበር 1923 አንድ ዶላር 4.2 ትሪሊዮን ማርክ፣ አንድ ዳቦ ወደ 200 ቢሊዮን ማርክ ደረሰ። መራሔ መንግሥት ጉስታቭ ሽትሬዘማን በሴፕቴምበር የሩርን ተቃውሞ ካስቆሙ በኋላ፣ በኖቬምበር 15 ቀን ሬንተንማርክ የተባለ አዲስ ገንዘብ ወጣ፤ አንዱ በአንድ ትሪሊዮን የወረቀት ማርክ ይመነዘር ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሃንስ ሉተር ነበሩ፤ የገንዘብ ኮሚሽነሩ ደግሞ ያልማር ሻኽት። ሁለቱም ስሞች በኋላ ተመልሰው ስለሚመጡ ቢያስታውሷቸው ይጠቅማል። ሂትለር በሙኒክ ያደረገው መፈንቅለ መንግሥት በዚሁ ወር፣ በኖቬምበር 8 እና 9 የተሞከረ ሲሆን፣ በአንድ ቀን ውስጥ ከሽፎ እርሱን ለእስር ዳረገው።

በግሽበቱ የተጎዳው ማን ነበር? ዕዳ ያለበት ሰው ተጠቅሟል፤ ቤቱን ወይም እርሻውን አስይዞ የተበደረ ሰው ዕዳውን በአንድ ቀን ደመወዝ ዘግቷል። መንግሥትም የጦርነት ዕዳውን ያለ ምንም ወጪ አራግፏል። የከሰሩት ገንዘባቸውን በባንክ ያስቀመጡ፣ የጦርነት ቦንድ በአገር ፍቅር የገዙ፣ በተቆረጠ ጡረታና በኪራይ ገቢ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በ1925 የወጣው ሕግ በመያዣ የተበደሩ ባለዕዳዎች ከቀድሞው ዕዳ 25 በመቶውን እንዲከፍሉ ሲያዝ፣ ለመንግሥት ቦንድ ባለቤቶች የተመለሰው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። እነዚህ ቁጠባቸውን የተነጠቁ ሰዎች ለጊዜው ናዚ አልሆኑም፤ ነገር ግን የመሐል ፓርቲዎቹን መተው ጀመሩ፤ የአንድ ሙያ ወይም የአንድ ጥቅም ብቻ በሚወክሉ ትንንሽ ፓርቲዎች ዙሪያ ተበተኑ። በ1930 ናዚዎች የሰበሰቡት ከእነዚህ ፓርቲዎች የፈለሰውን ድምፅ ጭምር ነው። የግሽበቱ የመጀመሪያው ረጅም ጥላ ይህ ነው።

ከ1924 እስከ 1929 ያሉት ዓመታት በአንጻራዊነት የተረጋጉ ነበሩ። የካሣውን አከፋፈል ለማስተካከል በ1924 በወጣው የዶውስ ዕቅድ መሠረት ካሣው በዓመት ተከፋፍሎ ቀለለ፣ 800 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ ብድር መጣ፣ የአሜሪካ የግል ካፒታልም ተከታትሎ ገባ። ጀርመን ካሣውን በአመዛኙ የከፈለችው በዚህ የብድር ገንዘብ ነው፤ ብድሩ በአብዛኛው በአጭር ጊዜ የሚመለስ መሆኑ ደግሞ በኋላ ለመጣው መከራ በር ከፍቷል።

አሁን የጥያቄዎ እምብርት ወደሆነው፣ ብዙ ጽሑፎች ግን በአንድ መስመር ወደሚያልፉት ክፍል ደርሰናል፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። በ1920ዎቹ አጋማሽ ትላልቆቹ አገሮች ወደ ወርቅ መለኪያ ሥርዓት ተመልሰው ነበር። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ገንዘብ በተወሰነ የወርቅ መጠን ይተመናል፣ ማዕከላዊ ባንኩም ላወጣው ገንዘብ በካዝናው መጠባበቂያ መያዝ አለበት። በጀርመን በ1924ቱ ሕግ መሠረት ማዕከላዊ ባንኩ ራይሽስባንክ ከሚያሠራጨው ኖት ቢያንስ 40 በመቶውን የሚሸፍን ወርቅና የውጭ ምንዛሪ መያዝ ነበረበት። ውጤቱን ይመልከቱ፦ ወርቅ ከአገር ሲወጣ፣ ባንኩ ወለድ ከፍ አድርጎ ብድርን ማጥበብ ይኖርበታል። ብድር ሲጠብ ፋብሪካ ሥራ ይቀንሳል፣ ሠራተኛ ይባረራል፣ ዕቃ የሚገዛ ሰው ያንሳል፣ ዋጋ ይወርዳል። ይህ አጠቃላይ የዋጋ መውረድ ዲፍሌሽን ይባላል።

ዋጋ መውረዱ ለሸማቹ መልካም ዜና ይመስላል። ነገር ግን ዕዳ በቁጥር የተጻፈ ነገር ነው፤ ዋጋ ሲወርድ ዕዳው አብሮ አይወርድም። ለምሳሌ አንድ ገበሬ 10,000 ማርክ ተበድሮ በዓመት ከሚሸጠው እህል 4,000 ማርክ ያገኝ ነበር እንበል። የእህሉ ዋጋ በሩብ ቢወርድ ገቢው 3,000 ማርክ ይሆናል፤ ዕዳውና ወለዱ ግን ባሉበት ይቆማሉ። ማዳበሪያውን መግዛት ያቆማል፤ ማዳበሪያ ሻጩ ሠራተኛውን ያሰናብታል፤ ገበሬው መክፈል ሲያቅተው ባንኩ መሬቱን ለሐራጅ ያወጣዋል፤ መሬቱ በርካሽ ሲሸጥ የጎረቤቱም መሬት ዋጋ ይወርዳል፤ ባንኩ ያበደረውን ሙሉ በሙሉ ስለማያገኝ እርሱም ይዳከማል። ግሽበት የሚጎዳው በዋነኛነት ያጠራቀመን ሰው ሲሆን፣ ዲፍሌሽን ባለዕዳውን፣ ሠራተኛውንና በመጨረሻም አበዳሪውን ራሱን ተራ በተራ ይጥላል። በሽሌስቪግ-ሆልሽታይን፣ ገበሬዎች በዕዳ በተያዙበት በዚያ ሰሜናዊ የፕሮቴስታንት አውራጃ፣ ናዚዎች በጁላይ 1932 ከድምፁ ከግማሽ በላይ ማግኘታቸው ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

በኦክቶበር 1929 የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ወደቀ፤ የአሜሪካ ብድር ቆመ፤ የተበደሩትም እንዲመልሱ ተጠየቁ። በሜይ 1931 የቪየናው ክሬዲታንሽታልት ባንክ ኪሳራው ይፋ ወጣ፤ በጁላይ 13 ቀን ከጀርመን ትልልቅ ባንኮች አንዱ የሆነው ዳናትባንክ በሩን ዘጋ። አስቀማጮች ገንዘባቸውን ለማውጣት በየባንኩ በር ተሰልፈው ሳለ፣ ራይሽስባንክ የወለድ ተመኑን በኦገስት መጀመሪያ ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገው። በኢኮኖሚ ድቀት መሐል ሆኖ የ15 በመቶ ወለድ ማለት ሥራውን ለማስቀጠል ብድር ለሚፈልግ ድርጅት ሁሉ በሩን መዝጋት ማለት ነው። የራይሽስባንክ ፕሬዚዳንት በዚያን ጊዜ ማን ነበሩ? በ1923 የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ግሽበቱን ያስቆሙት ሃንስ ሉተር ናቸው።

መራሔ መንግሥት ሃይንሪሽ ብሩኒንግ ከማርች 1930 እስከ ሜይ 1932 የመሩት ፖሊሲ ከዚህ ጋር አንድ ነበር። ፓርላማው በጀታቸውን ሲጥለው፣ ለፕሬዚዳንቱ የአስቸኳይ ጊዜ ሥልጣን በሚሰጠው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 48 አዋጅ እያስወጡ ገዙ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ በተደጋጋሚ ተቆረጠ፣ የሥራ አጥ ድጎማ ተቀነሰ፣ ታክስ ጨመረ፤ በዲሴምበር 1931 የወጣው አዋጅ ደግሞ ደመወዝ በጃንዋሪ 1927 ወደነበረበት እንዲወርድ አዘዘ። በ1932 መጀመሪያ የተመዘገበው ሥራ አጥ ከ6 ሚሊዮን በልጦ ነበር። ብሩኒንግ ሌላ ስሌትም ነበራቸው፤ ጀርመን መክፈል እንደማትችል ለዓለም በማሳየት ካሣውን ለማሰረዝ ይፈልጉ ነበር። ይህ ስሌት ተሳክቷል ማለት ይቻላል፤ በጁላይ 1932 በሎዛን በተደረገው ጉባኤ ካሣው በተግባር አበቃ። ብሩኒንግ ግን ከአንድ ወር በላይ ቀደም ብለው ከሥልጣን ተነሥተው ነበር፤ ሎዛን ላይ ስምምነቱ በተደረሰበት በዚያው ወር መጨረሻ በተደረገው ምርጫም ናዚዎች 37.3 በመቶ አገኙ። “ሂትለርን ያመጣው የጦር ካሣው ነው” ለሚለው አባባል ከዚህ የበለጠ ፈተና አላውቅም፤ መራጩ ወደ ናዚዎች በብዛት የጎረፈው ካሣው ቀርቶ ሥራ አጥነቱ ግን እንዳለ በነበረበት ሰዓት ነው።

ሌላ መንገድ አልነበረም እንዳይባል፣ በሴፕቴምበር 1931 ብሪታንያ ከወርቅ ወጥታ የፓውንድን ዋጋ ስትለቅ አማራጩ ለሁሉም ታይቷል። በጀርመን ውስጥም በ1932 መጀመሪያ የሠራተኛ ማኅበራት ባለሙያዎች መንግሥት 2 ቢሊዮን ማርክ ተበድሮ ለአንድ ሚሊዮን ሰዎች የሕዝብ ሥራ እንዲከፍት ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡን ከተቃወሙት መካከል ዋነኛው የሶሻል ዴሞክራቶቹ የኢኮኖሚ ሊቅ ሩዶልፍ ሂልፈርዲንግ ነበሩ፤ ግሽበት ያመጣል ብለው ፈሩ። ሂልፈርዲንግም በ1923 ከኦገስት እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ፣ ማርክ በየሰዓቱ ሲወርድ፣ የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩ ሰው ናቸው። ለእርስዎ ጥያቄ የምሰጠው ዋና መልስ እዚህ ላይ ነው። የ1923ቱ ግሽበት ሂትለርን ያገዘው በራሱ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ፣ ከስምንትና ከዘጠኝ ዓመት በኋላም ባልለቀቀው፣ ጥሎት በሄደው ፍርሃት ነው። ያን መዓት በዓይናቸው ያዩ፣ በቅንነት አገራቸውን ለማዳን የሠሩ ሰዎች፣ ዋጋ እየወረደና ስድስት ሚሊዮን ሰው ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ የሚጠብቁት ጠላት አሁንም ግሽበት ነበር። ሕዝቡም በአመዛኙ እንደነርሱ ይፈራ ስለነበር፣ ጥፋቱን በጥቂት ሰዎች ላይ ብቻ መጫን ፍትሐዊ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሥራ ያጣ ሰው ሁሉ ናዚን መረጠ ማለት ስሕተት ነው። ሥራ አጡ የፋብሪካ ሠራተኛ ይበልጥ ያዘነበለው ወደ ኮሚኒስት ፓርቲ ሲሆን፣ ፓርቲው በኖቬምበር 1932 16.9 በመቶና 100 መቀመጫ አግኝቷል። ወደ ናዚዎች የሄደው በብዛት የራሱ ሥራ ያለው ሆኖ ነገ እንዳያጣው የሚፈራው አነስተኛ ነጋዴ፣ ባለሙያ፣ ገበሬና የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ካቶሊኮች በሚበዙበት አካባቢ ደግሞ የናዚዎች ድምፅ በግልጽ ያንስ ነበር። ሁለቱ ጽንፎች በጁላይ 1932 ከ608 መቀመጫ 319 ስለያዙ፣ ያለ እነርሱ አብላጫ የሚያገኝ መንግሥት ማቋቋም የማይቻል ሆነ። ኮሚኒስቶቹ ከሶሻል ዴሞክራቶች ጋር ለምን አልተባበሩም? ከ1928 ጀምሮ ኮሚንተርን፣ በሞስኮ የሚመራው የኮሚኒስት ፓርቲዎች ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ ሶሻል ዴሞክራቶችን “ሶሻል ፋሺስቶች” ብሎ ዋና ጠላት አድርጎ ፈርጇቸው ስለነበር ነው። ይህ መስመር የተቀየረው በ1935 ሲሆን፣ ያን ጊዜ የሁለቱም ፓርቲዎች መሪዎች በእስር ወይም በስደት ላይ ነበሩ።

ድቀቱም ብቻውን አይበቃም። በአሜሪካ በ1933 ከአራት ሠራተኞች አንዱ ገደማ ሥራ አጥ ነበር፤ አገሪቱ ግን ሩዝቬልትን መርጣ ኒው ዲል በተባለው የመንግሥት የሥራና የማሻሻያ ፕሮግራም መንገድ ሄደች። በጀርመን ተጨማሪ የሆነው፣ ከ1930 ጀምሮ በአዋጅ መገዛት የተለመደ መሆኑና በፕሬዚዳንት ሂንደንቡርግ ዙሪያ ያሉ ሰዎች ሪፐብሊኩን ራሱን ማዳከም መፈለጋቸው ነው። ናዚዎች በኖቬምበር 1932 ምርጫ ወደ 33.1 በመቶ ወርደው ነበር። ሂትለር በጃንዋሪ 30 ቀን 1933 መራሔ መንግሥት የሆነው አብላጫ ድምፅ አግኝቶ ሳይሆን፣ የቀድሞው መራሔ መንግሥት ፍራንዝ ፎን ፓፐንና ባልደረቦቹ እንቆጣጠረዋለን ብለው ሂንደንቡርግን ስላሳመኑ ነው። በማርች 23 ቀን ያለ ፓርላማ ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሚሰጠው ሕግ በ444 ለ94 ሲጸድቅ፣ የተቃወሙት ሶሻል ዴሞክራቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ኮሚኒስቶቹ ቀድመው ከምክር ቤቱ ተወግደዋል። ሉተርም በዚያው ወር ከራይሽስባንክ ተነሥተው በቦታቸው ያልማር ሻኽት ተተኩ፤ ሻኽት ለጦር መሣሪያ ግንባታ የሚውለውን ገንዘብ በበጀት በማይታዩ ሰነዶች ያዘጋጁ ጀመር።

ስለ ፋሺዝምና ናዚዝም አጭር መልስ ይበቃል። ናዚዝም የፋሺዝም አንዱ ዝርያ ነው ብሎ መያዝ ይቻላል፤ ሁለቱም ፓርላማን፣ ነጻ የሠራተኛ ማኅበራትንና ማርክሲዝምን በኃይል የደመሰሱ፣ አንድ መሪንና ጦርነትን ያመለኩ እንቅስቃሴዎች ናቸው። የጣሊያኑ ፋሺዝም ሥልጣን የያዘው በኦክቶበር 1922 መሆኑም ያለ ጀርመኑ ዓይነት ግሽበትና ያለ ታላቁ ድቀት ይህ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል፤ እዚያ ሚዛኑን የደፋው የ1919 እና የ1920 የሥራ ማቆም አድማና የመሬት ወረራ በባለሀብቱና በባለ መሬቱ ላይ ያሳደረው ድንጋጤ ነው። ትልቁ ልዩነት ናዚዝም ከመነሻው ዘርን፣ በተለይ የአይሁድ ጥላቻን፣ የሁሉ ነገር ማዕከል ማድረጉ ነው። በጣሊያን ፀረ አይሁድ ሕጎች የወጡት በ1938 ነው። ይህ ግን ጣሊያን ከዚያ በፊት የዘር ሕግ አልነበራትም ማለት አይደለም፤ በ1937 ጣሊያናዊ ከምሥራቅ አፍሪካ ቅኝ ተገዢዎች ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ አውጥታለች፣ በኢትዮጵያ ላይም ከ1935 ጀምሮ የመርዝ ጋዝ ተጠቅማለች። ሁለተኛው ልዩነት የመንግሥት አወቃቀር ነው። ሙሶሊኒ ከበላዩ ንጉሥ ነበረው፤ ንጉሥ ቪክቶር ኢማኑኤል ሦስተኛም በጁላይ 1943 ከሥልጣን አንሥተው አሰሩት። ሂትለር ግን በኦገስት 1934 ሂንደንቡርግ ሲሞቱ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን ከራሱ ጋር አጣምሮ፣ ወታደሩን ለሕገ መንግሥቱ ሳይሆን ለራሱ ስም መሐላ አስገብቶታል፤ ከሥልጣኑ በሕግ ሊያነሳው የሚችል ማንም አልቀረም።